ሂማላያ በክረምት አይታይም፦ ኔፓልን ለማየት ላሰቡ ቤተሰቦች

የምንኖረው ቆሼ ነው፤ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ። በረንዳችን ላይ ብትቆሙ ሁለት ተራራ ታያላችሁ። ሩቁ ወጨጫ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይለብሳል። ቅርቡን የሠራው አዲስ አበባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትጥለው የኖረችው ቆሻሻ ነው፤ ለሰፈራችን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። የስድስት ዓመቱ ልጃችን አንድ ቀን ስለ ኤቨረስት በቴሌቪዥን አየና ጣቱን ወደ ቅርቡ ተራራ ቀስሮ፣ «እማዬ፣ ኤቨረስት ከዚህኛው ይበልጣል?» አለኝ።

አባቱ ሳቀና፣ «ይበልጣል እንጂ! ሄደን እናየዋለን» ብሎ ቃል ገባ። ለልጅ የተገባ ቃል ዕዳ መሆኑን ወላጆች ታውቁታላችሁ። ከዚያን ቀን በኋላ እሱና የአሥራ አንድ ዓመት እህቱ በየሳምንቱ «መቼ ነው?» እያሉ ያዙን። እኛም ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርን፤ መጠየቅም ጀመርን። ይህን የምጽፍላችሁ ስንጠይቅ ያገኘነውን፣ ልንሳሳት ስንል የተረፍንበትንና ሄደን ያየነውን ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ያሰባችሁ ካላችሁ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

የሐምሌው ቅናሽ

ግንቦት 2016 ላይ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለሐምሌ የሚሆን የኔፓል ጉዞ በጥሩ ቅናሽ አቀረበልን። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ እኔም ዓመት ፈቃድ አለኝ፣ ዋጋው ደግሞ ከጠበቅነው በታች ነው። ቀብድ ልንከፍል አንድ ቀን ሲቀረን ባለቤቴ «ለምን ረከሰ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቀላል ነበር። የኛ ክረምት የነሱም ክረምት ነው። በኔፓል ከዓመቱ ዝናብ 80 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ተራራው ለቀናት በደመና ይሸፈናል፣ የእግር መንገዱ አልቅት ያፈላል፣ በገደል ወገብ የተቆረጠው የመኪና መንገድ ደግሞ በናዳ ይዘጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልጆች ይችሏቸዋል። ሦስተኛው ግን የኛን ሰፈር ሰው አያስችለውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ከበረንዳችን የምናየው ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ልጃችን ያኔ ገና ትንሽ ነበረች። ለቅሶ ያልተቀመጥንበት ሳምንት አልነበረም። ተዳፋት ሲናድ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ልጆቹን ይዞ በሐምሌ በሂማላያ ገደል ሥር ሌሊት በአውቶቡስ አይሄድም። ቀብዱን ሳንከፍል ቀረን።

ሐምሌ 5 ቀን 2016 ጠዋት፣ በዜና ሰማን። ከ60 በላይ መንገደኞች የጫኑ ሁለት አውቶቡሶች ከካትማንዱ በስተ ምዕራብ ባለው አውራ ጎዳና ላይ በናዳ ተጠርገው ትሪሹሊ ወንዝ ውስጥ ገብተው ነበር። በዚያው ዓመት ዝናቡ ሊያበቃ ነው በተባለ ጊዜ፣ እኛ ደመራ በምናበራበት ሰሞን፣ ከመስከረም 16 እስከ 18 ቀን 2017 የወረደው ዶፍ በጎርፍና በናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ክረምቱን ተዉት፤ የመስቀልን ሰሞንም አትመኑት።

ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር

የኔፓልን ወቅት ለማስታወስ የራሳችሁን ካላንደር ማየት ይበቃል።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር አጋማሽ፦ ከሁሉም የተመረጠው ጊዜ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀኑም ደስ ይላል። ዳሻይንና ቲሃር የሚባሉት ትልልቆቹ በዓሎቻቸውም በዚሁ ሰሞን ይውላሉ። ችግሩ ሰው ይበዛል፣ ዋጋ ይወደዳል፤ ለእኛ ደግሞ ትምህርት ገና ተጀምሯል። በዳሻይን ቀናት ብዙ ሱቅና ቢሮ እንደሚዘጋም አትርሱ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ ሰማዩ ንጹሕ፣ ብርዱ ብርቱ ነው። ከፍ ያሉት መተላለፊያዎች በበረዶ ይዘጋሉ። ከ2,500 ሜትር በታች ለሚቆይ ቤተሰብ ግን ጥሩ ጊዜ ነው፤ ቀን ፀሐይ አለ፣ ሰው ይቀንሳል፣ ዋጋም ይለዝባል። የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የሚውለው እዚህ ውስጥ ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የአበባ ወቅት ነው። ላሊ ጉራስ የሚሉት ብሔራዊ አበባቸው ጫካውን ቀይ ያደርገዋል። ኤቨረስትን የሚወጡትም በግንቦት ነው። አየሩ ግን በአቧራና በጭስ ይደፈርሳል፤ ከዝቅተኛ ቦታ ሆኖ ተራራውን ማየት እየከበደ ይሄዳል። በፋሲካ ዕረፍት መሄድ ለሚሹ ይሆናል፤ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ግን ይጠንቀቁ።

እኛ የመረጥነው የ2017 ጥር መጨረሻን ነበር። ትምህርት ቤታቸውን በደብዳቤ አስፈቅደን በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ጥቂት ቀን ጨመርን።

ፓስፖርታችሁ ምን ዓይነት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ አብራን ልትሄድ ነበርና፣ «ቪዛ አያስጨንቃችሁ፤ ካትማንዱ አየር ማረፊያ ላይ ይሰጡናል» አለችን። ለእሷ እውነት ነው። የብዙ አገር ዜጎች ትሪብሁቫን አየር ማረፊያ ሲደርሱ ቅጽ ሞልተው፣ ከፍለው ይገባሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ይህ መብት ከሌላቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው። ኢትዮጵያዊ ከመነሣቱ በፊት ከኔፓል ኤምባሲ ቪዛ ማውጣት አለበት። ይህን ሳታውቁ ቲኬት ብትቆርጡ ቦሌ ላይ ወንበር አይሰጣችሁም።

ኔፓል በአፍሪካ ኤምባሲ ያላት ካይሮና ፕሪቶሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በኢሜይል ጻፉና ማመልከቻችሁን የትኛው እንደሚቀበል፣ ፓስፖርቱ እንዴት እንደሚላክና እንደሚመለስ፣ ክፍያው በምን እንደሚፈጸም ጠይቁ። ዘመድ አረብ አገር ወይም ሕንድ ያላችሁም እዚያ ያሉትን የኔፓል ኤምባሲዎች መጠየቅ ትችላላችሁ። ለዚህ ብቻ ሁለት ወር ያዙ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የቱሪስት ቪዛ ተመኑ ለ15 ቀን 30 ዶላር፣ ለ30 ቀን 50 ዶላር፣ ለ90 ቀን 125 ዶላር ነው። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ክፍያ የለም፤ ቪዛው ራሱ ግን ያስፈልጋቸዋል። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው፣ ባዶ ገጽም ያለው ይሁን። የልጆችን ፓስፖርት ቀን አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩ፤ የኛ ሴት ልጅ ፓስፖርት ሊያበቃ አራት ወር ቀርቶት ነው ያገኘነው። ከሁለት አንዱ ወላጅ ብቻ ልጁን ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ የሌላው ወላጅ ስምምነት በውልና ማስረጃ ተረጋግጦ፣ ተተርጉሞም ቢያዝ ጥያቄ ይቀንሳል።

በመንገድ ላይ ያለው አገር

ወደ ካትማንዱ የሚወስዱት መንገዶች ብዙውን ጊዜ በዴልሂ ወይም በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በኩል ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይያዝ።

አንደኛ፣ ቲኬቱ እስከ ካትማንዱ አንድ ይሁን። ሁለት የተለያየ ቲኬት ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ ሻንጣ ለመቀበልና እንደገና ለማስረከብ ከትራንዚት ክልል መውጣት ካስፈለገ ግን የዚያ አገር ቪዛ ያስፈልጋችኋል። በሕንድ በኩል የምትሄዱ ከሆነ ይህን ከአየር መንገዱ በግልጽ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ቢጫዋ ካርድ ትጠየቃላችሁ። ሕንድ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም፤ ካርድ የሌለውን መንገደኛ እስከ ስድስት ቀን ለይታ ልታቆይ ትችላለች። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትሩጡ። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርዱን ግን ከፓስፖርቱ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡት።

ለምንዛሪው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ባንካችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከካትማንዱና ከፖክሃራ ወጣ ሲሉ ካርድ የሚቀበል ሱቅ እምብዛም ስለማይገኝ የኔፓል ሩፒ በእጅ ይኑራችሁ።

ለአዲስ አበባ ልጅ ካትማንዱ ቆላ ነው

ብዙ ሰው ኔፓል ሲባል ትንፋሽ ማጠር ይመስለዋል። የኛ ከተማ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ካትማንዱ 1,400 ሜትር ላይ። ከቦሌ ተነሥታችሁ እዚያ ስትደርሱ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ወርዳችኋል ማለት ነው። ፖክሃራ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ 800 ሜትር አካባቢ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ቱሪስት የሚጎርፍበት ፑን ሂል 3,210 ሜትር ነው፤ ይህ የእንጦጦን ከፍታ የሚያህል ነው። በእሑድ ጠዋት እንጦጦን ወይም የመናገሻ ሱባን ጫካ ይዞ ወጨጫን የሚወጣ ቤተሰብ ግማሹን ልምምድ ጨርሷል። እኛም ከኅዳር ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይህን አድርገናል፤ ልጆቹ ጫማቸውን ለማመዱ፣ እኛ ጉልበታችንን አወቅን።

ከ3,000 ሜትር በላይ ግን አበሻ መሆን ዋስትና አይሆንም። የኤቨረስት መነሻ ሰፈር 5,364 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን በብዙ ይበልጣል። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 በላይ የመኝታ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርና በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን ማረፍ ነው። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ላይናገር ይችላል፤ ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ። ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ላይ መቀጠል ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙም በሄሊኮፕተር ማውረድን እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን አንብቡ።

እኛ ትንሹን አስበን ከፍታውን ተውነው። ጋንድሩክ በሚባለው የጉሩንግ ሕዝብ መንደር ሁለት ሌሊት አደርን፤ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቤታችን ይዝላል። የአናፑርና ተራሮች ግን ከግቢው በላይ ተደርድረው ይታያሉ። ለዚህ አካባቢ የውጭ አገር ሰው 3,000 የኔፓል ሩፒ የመግቢያ ፈቃድ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በእግር ጉዞ መስመሮች ላይ ፈቃድ ያለው መሪ መያዝ ግዴታ ሆኗል። ወጪ ነው፤ ከልጅ ጋር ለሚሄድ ግን ጥሩ ወጪ ነው።

ከካትማንዱ ፖክሃራ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን 25 ደቂቃ፣ በመኪና ቀኑን ሙሉ። እዚህ ላይ የየራሳችሁን ውሳኔ ትወስናላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የኔፓልን አየር መንገዶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ሰማዩ እንዳይገቡ አግዷል፤ በጥር 2023 ፖክሃራ ላይ በወደቀው አውሮፕላን 72 ሰዎች ሞተዋል። መንገዱም የራሱ አደጋ አለው። እኛ በበጋ፣ በቀን፣ በመኪና ሄድን፤ ሌሊት አልተጓዝንም። ልጆቹ አስመለሳቸው፣ ደከማቸው፣ ደረስን።

ሽሮ ያልተመኘንበት ገበታ

ስለ ምግብ አትጨነቁ። ዳል ባት የሚሉት የቀን ተቀን ምግባቸው ሩዝ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ ሲያልቅ ይጨምሩላችኋል። እኔ ረቡዕና ዓርብን ስጾም የተቸገርኩበት ቀን የለም። ላም በሕግ አይታረድም፤ ስለዚህ የክትፎ አምሮታችሁን ቤት አስቀምጡት። ለውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ብቻ ተጠቀሙ። ማታ ማታ ብርዱ ይበረታል፤ ብዙ ማረፊያ ቤት ማሞቂያ ስለሌለው ለእያንዳንዱ ልጅ ወፍራም ጃኬትና የሱፍ ካልሲ ያዙ።

ልጆቹን ከተራራው እኩል ያስደነቃቸው ካላንደሩ ነው። እኛ 2017 ብለን ሄድን፤ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው 2081 ይላል። አዲስ ዓመታቸው የሚብተው በኛ ሚያዝያ ነው። ሰዓታቸውም ከኛ በሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል፤ ከ45 ደቂቃው የተነሣ ልጄ ሰዓቷን ሦስት ጊዜ አስተካከለች።

ቡታንን ያሰባችሁ ካላችሁ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። ቪዛው ኦንላይን ይወጣል፤ ከ40 ዶላር የቪዛ ክፍያ ሌላ ለአንድ ሌሊት ለአንድ ዐዋቂ 100 ዶላር ለመንግሥት ይከፈላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሹን፣ ከ6 በታች ያሉት ምንም አይከፍሉም። ወቅቱ ከኔፓል ጋር ይመሳሰላል።

ለጊዜው በጀታችሁ የማይደርስ ከሆነም ተራራ ኔፓል ብቻ አይደለም። ስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው፤ የተመረጠው ጊዜያቸውም እንደ ሂማላያው ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ነው። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድና ስካውት ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው አጣሩ፤ አስተማማኝ መልስ እስክታገኙ ልጆችን ይዛችሁ አትውጡ።

«የኛው ይበልጣል»

ኤቨረስት ከፖክሃራ አይታይም። ስለዚህ ከመመለሳችን በፊት ከካትማንዱ በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዳለችው ናጋርኮት ወጣን። በሌሊት ተነሥተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ጠበቅን። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መሪያችን በሩቅ ከተደረደሩት ጫፎች መካከል አንዲቱን አሳየን። 8,849 ሜትር የተባለችው ከዚያ ስትታይ የጥፍር ያህል ናት። ልጄ ረጅም ጊዜ አየና በጆሮዬ፣ «እማዬ፣ የኛው ይበልጣል» አለኝ።

ርቀት ምን እንደሚያደርግ አስረዳሁት። መሪያችን ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ ስለ ሰፈራችን ነገርኩት። እሱም የነሱን ነገረን። ኤቨረስት ላይ ወጪዎች የጣሉት ድንኳን፣ የኦክስጅን ጠርሙስና ቆርቆሮ ተከማችቶ ስላስቸገረ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ደንብ አወጣ፤ እያንዳንዱ ወጪ ቢያንስ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ፣ ቡድኑም 4,000 ዶላር መያዣ እንዲያስቀምጥ። ልጄ በትኩረት ሰማና የበላውን ብስኩት ላስቲክ ኪሱ ከተተ።

ላስቲኩ ቦሌ ድረስ መጣ፤ ጃኬቱን ላጥብ ስል ነው ያገኘሁት። ሰኞ ጠዋት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ ራሱ ወስዶ ሰጣቸው። ከዚያ በረንዳ ላይ ቆሞ ወዴት እንደሚሄዱ አየ። የት እንደሚጥሉት መጠየቅ አላስፈለገውም።

እናንተም ለልጃችሁ ቃል ገብታችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጉ። የሁሉንም ፓስፖርት አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። የትምህርት ቤቱን ካላንደር ከላይ ከጻፍኩት ወቅት ጋር አስተያዩ። ለኤምባሲው የሚላከውን ኢሜይል ጻፉ። ቲኬቱ ከነዚህ በኋላ ይምጣ።